ኤፍ7 ላይ የገባው ፈረስ፦ ጥፋቱ የመክፈቻው ነው ወይስ የ8ኛው እንቅስቃሴ?

ጥያቄ (ከሐረር)፦ «አሰልጣኝ፣ ፈረስ መጋላ አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ቼዝ እጫወታለሁ። በቅርቡ ድሬዳዋ በተደረገ የሁለት ቀን ውድድር ላይ ጥቁር ደርሶኝ በ12 እንቅስቃሴ ማት ሆንኩ። ለእያንዳንዳችን 60 ደቂቃ ነበረን፤ ጨዋታው ሲያልቅ የኔ ሰዓት ላይ 51 ደቂቃ ቀርቶ ነበር። የተጫወትኩት የሁለት ፈረሶችን መከላከያ ነው። ተጋጣሚዬ ፈረሱን ሰውቶ ንጉሤን መሃል ሜዳ አወጣው። ጓደኞቼ ‹ይሄ መክፈቻ የተበላሸ ነው፣ ተወው› ይሉኛል። አንዱ ደግሞ ‹ኤች6ን ቀድመህ ብትገፋ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር› አለኝ። ስልኬ ላይ ያለው ፕሮግራምም ገና 6ኛው እንቅስቃሴ ላይ ነጭ ይበልጣል ይላል። ሲሲሊያን ወደሚባለው መክፈቻ ልቀይር? ምን ይመክሩኛል? የጨዋታውን ወረቀት አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦

መክፈቻህን አትቀይር። መቀየር ያለበት አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ 5ኛው። ጨዋታውን የጣለው ግን እሱም አይደለም፤ 8ኛው ነው። ጓደኞችህ ሁለቱን ደባልቀው «የተበላሸ መክፈቻ» የሚል አንድ ስም ሰጥተዋቸዋል።

ሌላውም አንባቢ ሰሌዳ አውጥቶ እንዲከተል ወረቀትህን ልገልብጠው። ዓምዶቹ ከነጭ ግራ ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ናቸው፤ ኤ እና ኢ እንዳይምታቱ። ሁለታችሁም ንጉሥ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት እርምጃ ገፋችሁ፤ ነጭ ኢ4፣ አንተ ኢ5። በ2ኛው ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ አንተ ፈረስ ሲ6። በ3ኛው ቢሾፕ ሲ4፣ ፈረስ ኤፍ6። በ4ኛው ነጭ ፈረሱን ጂ5 ላይ ወሰደ፣ አንተ ዲ5 ገፋህ። በ5ኛው ወታደሩ ዲ5ን በላ፣ አንተ በፈረስ መልሰህ በላህ። በ6ኛው የነጭ ፈረስ ኤፍ7ን በላ፣ ንጉሥህ ፈረሱን በላ። በ7ኛው ንግሥት ኤፍ3 ቼክ፣ ንጉሥ ኢ6። በ8ኛው ፈረስ ሲ3፣ አንተ የሲ6ን ፈረስ ዲ4 ላይ አስገባህ። በ9ኛው ቢሾፕ ዲ5ን በልቶ ቼክ፣ ንጉሥ ዲ6። በ10ኛው ንግሥት ኤፍ7፣ ፈረስህ ሲ2ን በልቶ ቼክ። በ11ኛው ንጉሥ ዲ1፣ ፈረስህ ኤ1 ላይ የቆመውን ሩክ በላ። በ12ኛው ፈረስ ኢ4፣ ማት።

ከ4ኛው እንጀምር፤ እዚህ ጋ ያልተጻፈ ግን ከጥያቄህ ጀርባ የሚታይ ሐሳብ አለና። «አንድን ጠጠር በመክፈቻ ላይ ሁለቴ አታንቀሳቅስ» የሚለውን ምክር ሁላችንም ተምረነዋል። ነጭ ሲጥሰው እንዴት አልተቀጣም? ምክሩ የሚሠራው ጠላት ሲሄድና ሲመለስ ያተረፈው ነገር ከሌለ ነው። ጨዋታ ሲጀመር ኤፍ7ን የሚጠብቅ ንጉሡ ብቻ ነው፤ ቢሾፕ ከሲ4፣ ፈረስ ከጂ5 ሲያነጣጥሩ ሁለት ለአንድ ይሆናል። ጀርመናዊው ታራሽ ይህን ፈረስ የጀማሪ እንቅስቃሴ ነው ብሎ አጣጥሎታል። ያም ሆኖ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በ1963 የአገሩን ልጅ ቢስጋየርን የገጠመው በዚሁ እንቅስቃሴ ነው፤ አሸንፎበታልም። ስለዚህ ተጋጣሚህ አጭበርብሮ አላሸነፈህም። የሰጠኸው መልስ፣ ዲ5፣ ትክክል ነበር፤ የቢሾፑን መስመር የሚዘጋው እሱ ነው።

ቀጥሎ በፈረስ ዲ5ን መልሶ መብላት። የማንም ሰው እጅ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ የተበላ ወታደር ማስመለስ ምን ክፋት አለው? ክፋቱ ኤፍ6 ላይ የነበረው ፈረስህ መሃል ሜዳ ወጥቶ ሌላ ጠባቂ የሚያስፈልገው ዕዳ መሆኑ ነው። ነጭም ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሰውቶ ንጉሥህን ወደዚያ ዕዳ ጠባቂነት ይጠራዋል። ጣሊያኖች ይህን ጥቃት ፌጋቴሎ ይሉታል፤ የጉበት ቁራሽ ማለት ነው። ፖሌሪዮ የተባለ ጣሊያናዊ ከ400 ዓመት በፊት የተጫወተው ጨዋታ እስከ ዛሬ ይጠናል። ጠዋት ጠዋት ጉበት ጥብስ የሚወድ አንድ የድሬ ወዳጄ ስሙን ከሰማ ወዲህ ይህን መስመር ከኔ በላይ ያውቀዋል።

ፕሮግራሙ «ነጭ ይበልጣል» ያለህ እዚህ ላይ ነው፤ እውነቱን ነው። እንዲያውም ከመስዋዕቱ በፊት ነጭ ዲ4ን ቢገፋ፣ የሎሊ ጥቃት የሚባለውን ማለት ነው፣ ይበልጥ ይከብድህ ነበር። ፕሮግራሙ የፈረደው ግን በ5ኛው እንቅስቃሴህ ላይ ነው። ወደ 3ኛው፣ ፈረሱን ኤፍ6 ላይ ወዳወጣህበት ቦታ፣ መልሰህ ብትጠይቀው እንዲህ አይልህም። ከዚያ ላይ ደግሞ «ይበልጣል» ማለት «አሸንፏል» ማለት አይደለም። ከፊትህ የተቀመጠው ሰው ነው እንጂ ኮምፒውተር አይደለም፤ የተሰዋ ፈረስ ደግሞ ለሰዊውም ያስጨንቃል።

አሁን 8ኛው። ይህን ቦታ ሰሌዳ ላይ አስቀምጠህ ጠጠር ሳትነካ ቁጠር። ዲ5 ላይ ያለውን ፈረስህን የሚያጠቁት ሦስት ናቸው፦ ቢሾፕ ከሲ4፣ ፈረስ ከሲ3፣ ንግሥት ከኤፍ3። የሚጠብቁት ሁለት ናቸው፦ ንጉሥህ ከኢ6፣ ንግሥትህ ከዲ8። ፈረሱ ደግሞ መሸሽ አይችልም፤ ከቢሾፑና ከንጉሥህ መካከል ታስሯል። ሦስት ለሁለት ሲሆን የሚያስፈልግህ ሦስተኛ ጠባቂ ነው፤ ያንን ሊሰጥህ የሚችለው ሲ6 ላይ ያለው ፈረስ ነው፤ ከቢ4 ወይም ከኢ7። አንተ ግን ይህንኑ ፈረስ ዲ4 ላይ ወረወርከው። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ዲ4 ላይ ሲቆም ንግሥቱንም ያስፈራራል፣ ሲ2ንም ያያል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማስፈራራት ይጣፍጣል። ሆኖም ነጭ ዲ5ን የበላው በቼክ ነው፤ ቼክ ሲመጣ ያንተ ማስፈራሪያ ተራውን ይጠብቃል፤ ንጉሥህ ሲሸሽ ደግሞ ንግሥቲቱ ኤፍ7 ገባች። ንጉሥህ ዲ6ን ትቶ ኢ7 ቢሄድ ኖሮ ያልቅ የነበረው አንድ እንቅስቃሴ ቀድሞ ነው፦ ንግሥት ኤፍ7 ቼክ፣ ንጉሥ ዲ6፣ ፈረስ ኢ4 ማት።

ትክክለኛው 8ኛ እንቅስቃሴ ፈረስ ቢ4 ነበር። ዲ5ን ይጠብቃል፣ ሲ2ንም ያስፈራራል፤ የፈለግኸውን ሁለት ነገር ያገኘኸው እዚያ ነበር። ነጭ በንግሥት ኢ4 ቢመልስ ሲ6 ትገፋለህ፤ ፈረሱን ቢያባርረው በኤ6 በኩል ወደ ሲ7 ተመልሶ ዲ5ን ይጠብቃል። አሁንም ነጭ ይሻላል፣ ንጉሥህም አየር ላይ ነው፤ ግን ፈረስ ቀድመሃል፣ ጨዋታም አለ። እዚህም ቢሆን አንድ ወጥመድ ተጠንቀቅ፦ ነጭ ኤ3 ቢገፋ ሲ2ን በቼክ በልተህ ወደ ሩኩ አትሩጥ። ሩኩን ስትበላ እሱ ዲ5ን ይበላል፣ ንጉሥህም እንደገና ብቻውን ይቀራል። ያንተው ጨዋታ ያለቀው በዚሁ ምኞት ነው።

ስለ 11ኛው ብዙ የምለው የለኝም። ንግሥቲቱ ኤፍ7 ላይ ከቆመች ጀምሮ ማቱ አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር፤ ፈረሱ ኢ4 ሲወጣ ሲ5ን ይዘጋል፣ ቢሾፑ ሲ6ንና ኢ6ን፣ ንግሥቲቱ ዲ7ንና ኢ7ን ይዛለች። «አሁን የሱ ተራ ቢሆን ምን ያደርጋል?» ብለህ ብትጠይቅ ታየው ነበር። ቦታው በዚያን ጊዜ ለማንኛውም የጠፋ ቢሆንም፣ ጠላት ማት ሊያደርግህ ሲል ሩክ መቁጠር ልማድ እንዳይሆንብህ።

የኤች6 ጉዳይ። ጓደኛህ የትኛውን ኤች6 ማለቱ እንደሆነ አልገለጽክም፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ፈረሱ ጂ5 ከገባ በኋላ፣ በ4ኛው፣ ኤች6 ብትገፋ ፈረሱ ኤፍ7ን በልቶ ንግሥትህንና ሩክህን በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ያ ከተሸነፍክበትም የባሰ ነው። በ3ኛው፣ ፈረስህን ከማውጣትህ በፊት ከገፋኸው ደግሞ ወዲያው አትሞትም፤ ግን አንድ ተራ ያህል ሰጥተኸዋል፣ ነጭም ዲ4 ገፍቶ መሃሉን ይይዘዋል። ገና ያልመጣ ሌባ ፈርቶ ቀኑን ሙሉ በር ላይ መቀመጥ ነው።

ሲሲሊያንስ? ጥሩ መክፈቻ ነው። ግን አንተ የሸሸኸው አንድ መስመር ነው፤ ሲሲሊያን ውስጥ እንዲህ ያሉ ንጉሥ የሚያሳድዱ መስመሮች በደርዘን ይጠብቁሃል። በ9 ደቂቃ 11 እንቅስቃሴ ለሚጫወት ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

እንግዲህ ወደ መድኃኒቱ። በ5ኛው፣ ነጭ ዲ5ን ሲበላ፣ አትብላው፤ የሲ6ን ፈረስ ኤ5 ላይ ውሰድ። ቢሾፑ ይሸሻል፤ ዋናው መስመር ቢ5 ላይ ቼክ ማለቱ ነው። አንተ ሲ6 ትገፋለህ፣ ወታደሩ ይበላዋል፣ አንተ በቢ ወታደር መልሰህ ትበላለህ፣ ቢሾፑ ወደ ኢ2 ይመለሳል። አሁን ነው ኤች6 ጊዜው የደረሰው፤ ፈረሱ ወደ ኤፍ3 ይመለሳል፣ አንተ ኢ4 ትገፋለህ፣ ፈረሱ ወደ ኢ5 ይሸሻል። ቁም፣ ቁጠር። ነጭ 10 እንቅስቃሴ አድርጓል፤ ከ10ሩ 4ቱ የአንድ ፈረስ ናቸው፣ 3ቱ የአንድ ቢሾፕ ናቸው፣ 3ቱ የወታደር ናቸው። ሌላው ፈረስ፣ ሌላው ቢሾፕ፣ ሩኮቹ፣ ንግሥቲቱ አልነቁም፤ ንጉሡም ካስል አላደረገም፣ ማለትም ከሩኩ ጋር በአንድ ተራ ተሸጋግሮ ወደ ዳር አልተሸሸገም። አንተ የከፈልከው አንድ ወታደር ነው። ያገኘኸው ትርፍ ተራ ነው፣ ጠጠር የምታወጣበት ጊዜ ማለት ነው፤ ኢ5 ላይ ያለው ፈረስ ላይ ቢሾፕህን ከዲ6 ስታነጣጥርም ሌላ ተራ ትጨምራለህ።

ይህ የተራ ጉዳይ ለብዙ ተማሪዎቼ ቶሎ አይገባም፤ ከራሳችን ጨዋታ ጋር ሳነጻጽረው ግን ይገባቸዋል። አያቶቻችን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባል ነበር፤ ማንም የማንንም ተራ ሳይጠብቅ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ሁለቱም እንደ ልባቸው ያሰልፉ ነበር። በወረራ ላይ ተራ ማባከን የሚባል ነገር የለም፤ እጅህ ከፈጠነ ሠራዊትህ ይሰለፋል። በዛሬው ቼዝ ግን እያንዳንዱ ተራ ዋጋ አለው፤ ሦስት ተራ ወደ አንድ ወታደር ይጠጋል የሚል የቆየ ግምት አለ። ኤ5 ላይ የሚወጣው ፈረስ በዚህ ሒሳብ ነው የሚቆመው። አንተ ድሬ ላይ የተጫወትከው ሕጉ የዛሬ፣ ፍጥነቱ የወረራ የሆነ ጨዋታ ነው።

ወሰኑንም እወቅ። ኤ5 ላይ ያለው ፈረስ ዳር ላይ የተጣለ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሚሠራው ነገር ላያገኝ ይችላል። ሲ6 ላይ ያለው ወታደርህ ብቻውን ነው። ወታደር ከፍለህ ከዚያ ቁጭ ካልክ፣ ነጭ ቀስ ብሎ ካስል አድርጎ ጠጠሮቹን ካወጣ፣ 25ኛው እንቅስቃሴ ላይ በቀላሉ አንድ ወታደር የጎደለው ሰው ነህ። ስለዚህ ቢሾፖችህን ቶሎ አውጣ፣ ካስል አድርግ፣ መስመር ክፈት። መጠበቅ የሚወድ ተጫዋች ከሆንክ ይህ መስመር አይስማማህም፤ ወረቀትህን አይቼ ግን መጠበቅ የሚወድ ሰው አልመሰልከኝም።

ነጭ ሁልጊዜ የመጽሐፉን መንገድ አይከተልም። ሦስት ማፈንገጫዎችን ብቻ ያዝ። ቢሾፑ በ8ኛው ወደ ኢ2 ሳይሆን ወደ ዲ3 ቢመለስ ሐሳቡ የጂ5 ፈረስ ሲባረር ኢ4 ላይ እንዲያርፍ ነው፤ ይህ ዛሬ በብዛት ይታያል። ያኔ ኤች6ን ትተህ የኤፍ6ን ፈረስ ዲ5 ላይ አስቀምጥ፤ የንግሥትህ መስመር ይከፈትና የጂ5 ፈረስ ባለበት ይጠቃል። ሁለተኛ፣ ነጭ በ6ኛው ቼኩን ትቶ ዲ3 ቢገፋ፣ ኤች6፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ኢ4 ብለህ ቀጥል፤ ንግሥቱን ኢ2 ሲያወጣ ሲ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ በፈረስህ ብላውና ቢሾፕህን ሲ5 አውጣ። ሦስተኛው ኤች6 ስትገፋ ፈረሱ ወደ ኤች3 የሚሸሽበት ነው። እንግዳ ይመስላል፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ስታይኒትዝ ግን ሩሲያዊውን ቺጎሪንን በቴሌግራም በገጠመበትና በ1891 ባበቃው ግጥሚያ ተጫውቶታል፣ ተሸነፈበትም፤ ያ የፊሸር የ1963 ጨዋታም በዚሁ ፈረስ ነው። ካጋጠመህ አትደንግጥ፤ ዳር ላይ ሁለት ፈረስ ተያዩ ማለት ነው፣ አንድ ያንተ፣ አንድ የሱ።

ሌሎች አማራጮችን ጓደኞችህ ያነሱልህ ይሆናልና በአጭሩ ልበል። በ5ኛው ቢ5 መግፋት ሕያው መስመር ነው፤ አሜሪካዊው ቤርሊነር የሶቪየቱን ኤስትሪንን በደብዳቤ በሚካሄድ የዓለም ሻምፒዮና ላይ በጥቁር ያሸነፈው በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ባለ መስመር ነው። ግን በቃል መያዝ ያለበት ብዙ ነው። በ4ኛው ዲ5ን ትቶ ቢሾፕ ሲ5 ማውጣት፣ ትራክስለር የሚባለው፣ ኤፍ7ን አሳልፎ ሰጥቶ ኤፍ2 ላይ መዝመት ነው። ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ በ5 ደቂቃ ሰዓት ተጫወተው፣ ያስደስታል። ውድድር ላይ ግን አትንካው፤ ነጭ በቢሾፕ ኤፍ7ን በልቶ ንጉሥህን ካንቀሳቀሰ በኋላ ረጋ ብሎ ከተጫወተ፣ አንተ ወታደርም ካስልም የለህም።

ቀጣዩ ውድድርህ ከሁለት ሳምንት በታች ከቀረው ሌላ ነገር እመክርሃለሁ። ለጊዜው በ3ኛው ፈረሱን ትተህ ቢሾፕህን ሲ5 ላይ አውጣ። ያኔ ነጭ ፈረሱን ጂ5 ቢያስገባ ንግሥትህ በነጻ ትበላዋለች፤ መስመሯ ክፍት ነውና። ይህ ጊዜያዊ መጠለያ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካለህ ግን ወደ ሁለት ፈረሶችህ ተመለስና ኤ5ን አጥና።

አጠናኑ በቃል መሸምደድ አይሁን። ነጭ ኢ5 ላይ ፈረሱን ካሳረፈበት ቦታ ጀምራችሁ ከጓደኛህ ጋር 10 ጊዜ ተጫወቱ፤ 5 ጊዜ ጥቁር፣ 5 ጊዜ ነጭ ሁን። ነጭ ሆነህ ስትቀመጥ ያልነቁት ጠጠሮችህ እንዴት እንደሚያናድዱህ ታያለህ፤ ጥቁር ስትሆን የት መምታት እንዳለብህ የሚነግርህ ያ ንዴት ነው። ፕሮግራሙን የምትከፍተው ከጨዋታው በኋላ፣ እናንተ ከተከራከራችሁ በኋላ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀረ፤ ሰዓቱ። ከሐረር በደንገጎ ቁልቁለት ወርዶ ከምሳ በኋላ ድሬ አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሙቀቱ ያቻኩለዋል፤ ከዚህ በፊትም ከዚያው የመጡ ልጆች ላይ አይቼዋለሁ። አንዳንዱ ደግሞ የመመለሻ ታክሲ እያሰበ ነው የሚጫወተው። ውኃህን አጠገብህ አድርግ፣ ከ4ኛው እንቅስቃሴ በኋላ ተነስተህ አንድ ዙር ተመላለስ። 8ኛው እንቅስቃሴህ ብቻውን 15 ደቂቃ ይገባው ነበር፤ ሦስት አጥቂና ሁለት ጠባቂ ለመቁጠር ከዚያ ያነሰ ይበቃል፣ ግን ልብ ለመርጋትም ጊዜ ይፈልጋል። የሚቀጥለውን ጨዋታ ወረቀት ስትልክልኝ ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጎን የቀረህን ደቂቃ ጻፍበት።